ሹኤይሻ፦ ማንጋን በአንባቢ ድምፅ የሚመርጠው አሳታሚ

ድራጎን ቦል፣ ናሩቶ፣ ዋን ፒስና ዴመን ስሌየር የተለያዩ ሠዓሊዎች በተለያየ ዘመን የፈጠሯቸው ታሪኮች ናቸው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በተንቀሳቃሽ ሥዕል ቢሆንም፣ አራቱም መጀመሪያ የወጡት በወረቀት፣ ያውም በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ገጾች ላይ ነው። መጽሔቱ ሾኔን ጃምፕ ይባላል፤ አሳታሚው ደግሞ በቶኪዮ፣ የአሮጌ መጻሕፍት መደብሮች በተደረደሩበት የጂንቦቾ ሰፈር አቅራቢያ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገው ሹኤይሻ ነው። አንድ ድርጅት ይህን ያህል በዓለም የታወቁ ታሪኮችን በተከታታይ እንዴት ሊያወጣ ቻለ ተብሎ ሲጠየቅ «ጎበዝ ሠዓሊዎችን ስላገኘ» ብሎ መመለስ ይቀላል። መልሱ ግን ጉዳዩን አያብራራም፤ ሹኤይሻ ይህን መጽሔት ሲጀምር ከሁሉ በላይ የጎደሉት ስም ያላቸው ሠዓሊዎች ነበሩና። ድርጅቱ ያንን ጉድለት ለመሙላት የዘረጋው አሠራር ነው እስከ ዛሬ ታሪኮቹን የሚያመርተው፤ የአሠራሩን ዋጋ የሚከፍሉትም በአብዛኛው ሠዓሊዎቹ ናቸው።

ሹኤይሻ ሲመሠረት የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ቤት አልነበረም። በ1922 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሾጋኩካን የተባለ አሳታሚ ተቋቁሞ፣ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እንደየክፍላቸው የተዘጋጁ የትምህርት መጽሔቶችን ማውጣት ጀመረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1925፣ የመዝናኛ ኅትመቶችን የሚይዝ ክንፍ ሲያስፈልገው ሹኤይሻን ፈጠረ። ሹኤይሻ ራሱን የቻለ ኩባንያ የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1949 ነው። ሁለቱ ድርጅቶች ግን ዝምድናቸውን አላቋረጡም፤ በ1973 ከሹኤይሻ የወጣውን ሃኩሴንሻን ጨምረው በሰፈራቸው ስም የሂቶትሱባሺ ቡድን እየተባሉ ይጠራሉ። የረጅም ዘመን ተፎካካሪያቸው ኮዳንሻ የሚመራው የኦቶዋ ቡድን ነው። ይሁንና ዝምድናው ፉክክርን አያስቀርም፤ የሾጋኩካኑ ሾኔን ሰንዴይና የሹኤይሻው ሾኔን ጃምፕ ለአሥርት ዓመታት የተሻሙት አንድ ዓይነት አንባቢ ነው።

ስለ ሹኤይሻ ሲጻፍ የወንዶች ልጆች መጽሔት ብቻ መነሳቱ ታሪኩን ያጎድለዋል። ድርጅቱ በማንጋ መስክ እግሩን የተከለው ቀድሞ በልጃገረዶች መጽሔቶች ነው፤ ሪቦን በ1955፣ ማርጋሬት በ1963 ተጀመሩ። ከ1972 ጀምሮ በማርጋሬት የወጣው የሪዮኮ ኢኬዳ «የቬርሳይ ጽጌረዳ» እንደ ወንድ ልጅ ሆና ያደገችን አንዲት የጦር መኮንን በፈረንሳይ አብዮት ዋዜማ የሚከተል ታሪክ ሲሆን፣ የልጃገረዶች ማንጋ ፖለቲካንና ታሪክን ሳይደክም መሸከም እንደሚችል ያረጋገጠ ሥራ ነው። ማንጋ የሕፃናት ጨዋታ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው እንዲያነበው የምመክረው የመጀመሪያ መጽሐፍ ይኸው ነው።

የወንዶቹን ገበያ ግን ሌሎች ቀድመው ይዘውታል። ኮዳንሻ ሾኔን ማጋዚንን፣ ሾጋኩካን ሾኔን ሰንዴይን በማርች 1959 በአንድ ቀን አውጥተው፣ በጊዜው ስም የነበራቸውን ሠዓሊዎች ተከፋፍለው ነበር። ሹኤይሻ በጁላይ 1968 ዘግይቶ ሲገባ፣ ሾኔን ጃምፕ በሁለት ሳምንት አንዴ የሚወጣና የመጀመሪያ እትሙ ከ105 ሺህ ቅጂ ብዙም ያልዘለለ መጽሔት ነበር፤ ሳምንታዊ የሆነው በ1969 ነው። የመጀመሪያው ዋና አርታኢ ታዳሱ ናጋኖ ታዋቂዎቹን ማግኘት ስላልቻለ ገጾቹን ለጀማሪዎች ከፈተ። ከነዚያ ጀማሪዎች መካከል ሂሮሺ ሞቶሚያና ጎ ናጋይ ይገኙበታል። የናጋይ ድንበር የለሽ የትምህርት ቤት ቀልድ የወላጆችንና የመምህራንን ማኅበራት ክፉኛ አስቆጥቶ ነበር፤ የመጽሔቱን ስም በመላ አገሪቱ ያናኘውም ያው ቁጣ ነው።

ጀማሪ ላይ መመሥረት ግን አንድ አደጋ አለው፦ ያሠለጠኑት ሠዓሊ ስም ሲያወጣ የተሻለ ወደሚከፍለው ይሄዳል። ሹኤይሻ ለዚህ ያበጀው መፍትሔ የብቸኝነት ውል ነው። ሠዓሊው ከገጽ ክፍያው ሌላ የውል ገንዘብ ያገኛል፤ በምላሹ ውሉ እስኪያበቃ ለሌላ አሳታሚ አይሠራም። አዳዲስ ሰዎችን ለማግኘት ደግሞ ድርጅቱ ውድድሮችን አቋቋመ፤ በ1971 በታዋቂው ሠዓሊ በኦሳሙ ቴዙካ ስም የተጀመረው ሽልማት ለትረካ ማንጋ፣ በ1974 በቀልድ ሠዓሊው በፉጂዮ አካትሱካ ስም የተጀመረው ለቀልድ ማንጋ ነው። ከዓመታት በኋላ ዋን ፒስን የፈጠረው ኤይቺሮ ኦዳ በ1992 የቴዙካ ሽልማት ተሸላሚ ሲሆን ዕድሜው 17 ነበር።

የአሠራሩ እምብርት ግን አንዲት የፖስታ ካርድ ናት። በየእትሙ ውስጥ የምትገኘውን ይህችን ካርድ አንባቢው ይቆርጥና፣ በዚያ ሳምንት ከወጡት 20 ያህል ታሪኮች ውስጥ በጣም የወደዳቸውን ሦስቱን መርጦ ይልካል፤ ላኪዎቹ ብዙ እንዲሆኑም በዕጣ የሚታደል ሽልማት ይዘጋጃል። ካርዶቹ ተቆጥረው ታሪኮቹ ደረጃ ይወጣላቸዋል። አዲስ ታሪክ የሚገባው ሌላው ሲወጣ ብቻ ስለሆነ፣ ከታች የሰነበተ ታሪክ እንዲያልቅ ይደረጋል፤ አሥር ሳምንት ገደማ ብቻ ኖረው የተቋረጡ ታሪኮች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ሠዓሊው ለዓመታት ያሰበው ሴራ ሊኖረው ይችላል፤ ግን ሁለትና ሦስት ምዕራፍ ተሰጥቶት መቋጨት ይኖርበታል። በዚህ ዳኝነት ሃያሲ ቦታ የለውም፤ የዋና አርታኢው የግል ምርጫም ቢሆን ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ መቋቋም ይከብደዋል። ፈራጁ በኪሱ ሳንቲም መጽሔቱን የገዛው ልጅ ነው።

«ወዳጅነት፣ ጥረት፣ ድል» የሚለው የታወቀው የመጽሔቱ መርሕም ቢሆን፣ እንደሚነገረው፣ የመነጨው ልጆችን ልባችሁን የሚያሞቀው፣ ከሁሉ የምታከብሩት፣ ከሁሉ የሚያስደስታችሁ ቃል የትኛው ነው ብሎ ከጠየቀ የቀድሞ መጠይቅ ነው። የጃምፕ ታሪኮች ለምን ይመሳሰላሉ ለሚለው ተደጋጋሚ ቅሬታ መነሻው እዚህ ላይ ይገኛል። በየሳምንቱ ለድምፅ የሚቀርብ ታሪክ በየሳምንቱ አንድ የሚያጓጓ ነገር ሊኖረው፣ ምዕራፉም ልብ ተንጠልጥሎ ሊያልቅ ይገባል፤ ቀስ ብሎ የሚበስል ታሪክ እዚህ ዕድሉ ጠባብ ነው።

አሠራሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት የአኪራ ቶሪያማንና የአርታኢውን የካዙሂኮ ቶሪሺማን ግንኙነት መከተል ይበቃል። ቶሪያማ ለጀማሪዎች ውድድር ሥራውን የላከ፣ ከናጎያ አካባቢ የመጣ የማስታወቂያ ሠዓሊ ነበር። ቶሪሺማ በእጁ ላይ ተስፋ ስላየ ያዘው፤ ከያዘው በኋላ ግን ያመጣለትን ረቂቅ ደጋግሞ መለሰበት፤ በዚያ የልምምድ ጊዜ ውድቅ የተደረጉት ገጾች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በ1980 የጀመረው ዶክተር ስላምፕ የተሰኘው ቀልደኛ ታሪክ ታላቅ ስኬት ሆነ። ሠዓሊው በየሳምንቱ አዲስ ቀልድ መፍጠር ሲያደክመው ላቁም ብሎ ጠየቀ፤ የተሰጠው ፈቃድ ግን በሦስት ወር ውስጥ ሌላ ታሪክ እንዲጀምር የሚያስገድድ ነበር። በ1984 መጨረሻ የተጀመረው ያ ሌላ ታሪክ ድራጎን ቦል ነው።

ድራጎን ቦል ሲጀመር ጅራት ያለው ልጅ ሰባት ምትሃታዊ ኳሶችን የሚፈልግበት የጉዞ ቀልድ እንጂ የምናውቀው የፍልሚያ ታሪክ አልነበረም። የመጀመሪያው ጉጉት ሲበርድ በካርዶቹ ቆጠራ ደረጃው ወረደ። ቶሪሺማ ዋናው ገጸ ባሕርይ ደብዛዛ ነው፣ ለዚህ ነው የማይወደደው ብሎ ለሠዓሊው ነገረው። ሁለቱ ተነጋግረው የገጸ ባሕርዩን መሠረታዊ ፍላጎት አንድ ነገር ላይ አቆሙት፤ መጠንከር ይፈልጋል። ሽማግሌ አሠልጣኝ ሰጡት፣ የሚፎካከረው የእኩያ ደቀ መዝሙር አመጡለት፣ ከዚያም የፍልሚያ ውድድር አስገቡት፤ ደረጃው ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚህ መጽሔትም ከዚህ መጽሔት ውጭም ስንት ታሪክ በዚሁ መንገድ እንደሄደ አንባቢ ያውቃል። ቶሪያማ በማርች 2024 በ68 ዓመቱ ሲያርፍ ከጃፓን ውጭ ያሉ መንግሥታት ባለ ሥልጣናት ሳይቀሩ የኀዘን መግለጫ አውጥተዋል፤ በዓለም ላይ ያን ያህል የተወደደው ታሪክ ግን አቅጣጫውን የያዘው በፖስታ ካርድ ቆጠራ ግፊት መሆኑ መረሳት የለበትም።

የድምፁ ሕግ ጨካኝ ነው፤ አርታኢ ከቁጥሩ በላይ የሚቆምበት ጊዜ እንዳለም ግን መናገር ተገቢ ነው። ኬይጂ ናካዛዋ ኦገስት 6 ቀን 1945 አቶሚክ ቦምብ በሂሮሺማ ላይ ሲጣል የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ እዚያው ነበር፤ በእሳቱ አባቱን፣ እኅቱንና ወንድሙን አጥቷል። ዋና አርታኢው ናጋኖ ያየኸውን ጻፍ ብሎ ገፋፋው፤ «ጌን ባዶ እግሩን» የተሰኘው ታሪክም ከ1973 ጀምሮ በሾኔን ጃምፕ፣ በትግልና በቀልድ ታሪኮች መካከል ወጣ። ቆዳው እንደ ጨርቅ የተንጠለጠለ ሰው፣ ከፈረሰ ቤት ሥር ሆኖ ልጁን ሩጥ የሚል አባት በዚያ ርካሽ ወረቀት ላይ ታትመዋል። ታሪኩ በጃምፕ እስከ 1974 ብቻ ነው የቆየው፤ ከዚያ በሌሎች መጽሔቶች ቀጠለ፤ በመጽሐፍ መልክ መጀመሪያ ያወጣውም ሌላ አሳታሚ ነው። ሹኤይሻ መጽሐፉን በጊዜው ራሱ አለማውጣቱ በእኔ እይታ በታሪኩ ውስጥ ከሚያስቆጩት ውሳኔዎች አንዱ ነው፤ ታሪኩን በልጆች እጅ ያስገባው ግን እርሱ መሆኑን ማንም አይክድበትም።

ገንዘቡ የሚመጣው ብዙ ሰው እንደሚገምተው ከመጽሔቱ አይደለም። መጽሔቱ 500 ገጽ ገደማ ሆኖ፣ በርካሽ ወረቀት ታትሞ፣ በዛሬ ዋጋ 300 የን አካባቢ ይሸጣል፤ ሰው ባቡር ላይ አንብቦት የሚጥለው ነገር ነው። ሥራው ማስተዋወቅና መምረጥ ነው። አንድ ታሪክ ከተወደደ፣ ዘጠኝ ወይም አሥር ምዕራፎቹ ተሰብስበው 200 ገጽ ያህል ባለው ትንሽ ጥራዝ በተሻለ ወረቀት ይታተማሉ፤ አንባቢው ገዝቶ በመደርደሪያው የሚያስቀምጠው ይህንን ነው። ሠዓሊው በመጽሔቱ ላይ በገጽ ይከፈለዋል፤ ከዚያ ክፍያ ላይ የረዳቶቹን ደመወዝ ስለሚያወጣ ብዙ አይተርፈውም። የሚያተርፈው ጥራዙ ሲሸጥ ነው፤ ከሽያጭ ዋጋው በተለምዶ 10 በመቶ ያህሉ የእርሱ ድርሻ ነው። ከጥራዙ በላይ ደግሞ የአኒሜ (የጃፓን ተንቀሳቃሽ ሥዕል)፣ የጨዋታ፣ የአሻንጉሊትና የልብስ ፈቃድ ገቢ አለ። ስለዚህ ታሪኩ ከመጽሔቱ ከወጣ በኋላም ለድርጅቱ መሥራቱን ይቀጥላል፤ በ1995 ያበቃው ድራጎን ቦል ዛሬም ገቢ ያመጣል።

መጽሔቱ በጃፓን ልጆች ሕይወት ውስጥ ያለውን ቦታ ለማወቅ በማርች 2011 በሰንዳይ ከተማ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። ከታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በኋላ የመጽሔት ጭነት ተቋርጦ ነበር። አንድ ደንበኛ ጎረቤት ወደሆነችው ያማጋታ ሄዶ የገዛውን አንድ ቅጂ ለአንድ መጽሐፍ መደብር ሰጠ፤ መደብሩም ጃምፕን እዚህ ማንበብ ይቻላል የሚል ጽሑፍ በበሩ ላይ ለጠፈ። ያችን አንድ ቅጂ ከ100 በላይ ልጆች ተራ በተራ አነበቧት፤ ጠርዟ አልቆ ሽፋኗ ተቀዳደደ። ሹኤይሻም በዚያ ሰሞን መጽሔቱ ያልደረሳቸው እንዲያነቡ እትሙን በኢንተርኔት በነፃ ለቀቀ።

የመጽሔቱ ከፍተኛ ኅትመት የተመዘገበው በ1994 መጨረሻ ሲሆን፣ ቁጥሩ በአንድ እትም 6.53 ሚሊዮን ቅጂ ነው። ከዚያ ወዲያ ድራጎን ቦል በ1995፣ የታኬሂኮ ኢኖዌ የቅርጫት ኳስ ታሪክ ስላም ደንክ በ1996 ሲያበቁ አንባቢ ሸሸ፤ በ1997 ሾኔን ማጋዚን መሪነቱን ወሰደ። በዚያው ዓመት ግን ዋን ፒስ ተጀመረ፤ በ1999 ናሩቶ፣ በ2001 ብሊች፣ በ2003 ዴዝ ኖት ተከተሉ፤ መጽሔቱም በ2002 መሪነቱን አስመለሰ። ዋን ፒስ በ2015 አንድ ደራሲ የሠራው ብዙ ቅጂ የታተመለት የሥዕል ታሪክ ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሲሰፍር ከ320 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ነበረው፤ በ2022 ደግሞ 500 ሚሊዮንን አልፏል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ በሠዓሊው ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ይህን ስጽፍ በምሳሌ አይደለም። በሳምንት 19 ገጽ ያህል ማሰብ፣ ማርቀቅ፣ ከአርታኢ ጋር መከራከርና በቀለም መጨረስ እንቅልፍን የሚሰዋ ሥራ ነው። የሀንተር ሀንተር ፈጣሪ ዮሺሂሮ ቶጋሺ በ1998 የጀመረውን ታሪክ ለረጅም ጊዜያት እያቋረጠ የሚሠራው በጤና ምክንያት ነው፤ በ2022 እንደገለጸው ከጀርባ ሕመሙ የተነሳ ለሁለት ዓመት ያህል ወንበር ላይ መቀመጥ አልቻለም ነበር። በሌላው ጫፍ ኦሳሙ አኪሞቶ አለ፤ ኮቺካሜ የተሰኘውን የሠፈር ፖሊስ ታሪክ ከ1976 እስከ 2016 ለ40 ዓመት አንድም ሳምንት ሳያቋርጥ ሠርቶ በ200ኛ ጥራዝ ዘጋ። የአኪሞቶን ጽናት ማድነቅ ተገቢ ነው፤ ለሌሎች መለኪያ ማድረግ ግን አይገባም። በቅርብ ዓመታት መጽሔቱ ለሠዓሊዎች ዕረፍት በግልጽ ይሰጣል፤ ዴመን ስሌየርም በ2020፣ ፊልሙ በጃፓን ከ40 ቢሊዮን የን በላይ ሊያስገባ ወራት ሲቀሩት፣ ሽያጩ አናት ላይ እያለ በ23 ጥራዝ እንዲያበቃ ተደርጓል። በድራጎን ቦል ዘመን ይህ የሚታሰብ አልነበረም።

ከጃፓን ውጭ የሹኤይሻ ዋና በር ለረጅም ጊዜ የሳን ፍራንሲስኮው ቪዝ ነበር። በ1986 የተቋቋመው ይህ አሳታሚ ዛሬ የሹኤይሻና የሾጋኩካን የጋራ ንብረት ሲሆን፣ በ2002 የእንግሊዝኛውን ሾኔን ጃምፕ ጀመረ። ትርጉሙ ከመድረሱ በፊት ግን ሕገ ወጥ ቅጂዎች ይቀድሙ ነበር። ይህን ለመቋቋም ፍርድ ቤት መሄድ አንዱ መንገድ ነው፤ ማንጋሙራ የተባለው የስርቆት ድረ ገጽ ባለቤት በ2021 ሦስት ዓመት ተፈርዶበታል። የበለጠ የሠራው መንገድ ግን አንባቢው የሚፈልገውን በሕጋዊ መንገድ በጊዜው ማቅረብ ነው። በ2019 የተከፈተው ማንጋ ፕላስ አዳዲስ ምዕራፎችን ጃፓን ውስጥ በወጡበት ሰዓት በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በሌሎች ቋንቋዎች ያወጣል፤ የመጀመሪያዎቹና የቅርብ ጊዜዎቹ ምዕራፎች በነፃ ይነበባሉ። ከጃፓን፣ ከቻይናና ከደቡብ ኮሪያ በስተቀር በሌላው ዓለም ስለሚሠራ የኢትዮጵያ አንባቢም ሊከፍተው ይችላል፤ አማርኛ ግን ከቋንቋዎቹ ውስጥ የለም።

የወረቀቱ መጽሔት ኅትመት ዛሬ ከከፍተኛው ዘመን አንድ አምስተኛ በታች ወርዷል፤ ሹኤይሻ ግን አልወደቀም፤ መምረጫውን ወደ ስልክ አዛውሮታል። በ2014 የተጀመረው ጃምፕ ፕላስ የገጽ ቁጥር አይገድበውም፣ አንድ ታሪክ እንዲገባ ሌላው መውጣት የለበትም፤ አንባቢው የታሪኮቹን ምዕራፎች ለመጀመሪያ ጊዜ በነፃ ያነባል፤ ስንት ሰው እንዳነበበውም በግልጽ ይታያል። ታትሱያ ኤንዶ ቀደም ሲል በድርጅቱ ወርሃዊ መጽሔት ሁለት ታሪኮችን አውጥቶ ሳይገንኑ አብቅተውበት ነበር። በ2019 በጃምፕ ፕላስ የጀመረው ስፓይ ፋሚሊ ግን፣ ሰላይ አባት፣ ነፍሰ ገዳይ እናትና ሐሳብ የምታነብ ልጅ በሐሰት የመሠረቱት ቤተሰብ ታሪክ፣ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ጥራዝ ሸጦለታል። ይህ ታሪክ የሚወጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው።